በኢንተርኔት የሚመጣው ቴሌቪዥን በተቆራረጠ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ነውን?

በኤሌክትሮኒክ ዕቃ መደብሮች ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አቤቱታ አለ። ገዢው ከጥቂት ቀን በፊት የወሰደውን ቲቪ ቦክስ ወይም ስማርት ቴሌቪዥን ይዞ ይመለስና፥ «ዕቃው አይሠራም፤ የኳስ ጨዋታ በቀጥታ ሲተላለፍ ሥዕሉ ይቆማል፤ በመካከሉ አንዲት ክብ ብቻ ትሽከረከራለች፤ ይለወጥልኝ» ይላል። ሻጩም ወይ በደረሰኙ ላይ የታተመውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ቃል በጣቱ አመልክቶ ያሰናብተዋል፤ ወይም ደንበኛው እንዳይቀየም ሲል ከመደርደሪያው ሌላ አውርዶ ይለውጥለታል። በመጀመሪያው መንገድ ደንበኛ ይጠፋል። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ገንዘብ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ተለውጦ የሄደው ዕቃ በዚያው ቤት፥ በዚያው ሳሎን፥ በዚያው መስመር ላይ ተሰክቶ እንደ ፊተኛው መቆሙ አይቀርምና።

ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ችግሩ ከወዴት እንደ መጣ ለይቶ ማወቅ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣ የቀጥታ ቴሌቪዥን ሲቆራረጥ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመስታወቱ ላይ ሳይሆን፥ ከመስመሩ መግቢያ እስከ መስታወቱ ባለው መንገድ ላይ ነው። ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ መመርመር የመሐንዲስ ትምህርት አይጠይቅም። ጥቂት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ዕቃውንም ደንበኛውንም ያተርፋል፤ የማያውቅ ግን ደኅናውን ዕቃ እንደ ተበላሸ ቈጥሮ ኪሣራውን በራሱ ላይ ይጽፋል።

የቀጥታው ሥርጭት ጠባይ

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረ ጊዜ ከማሠራጫው የሚወጣው ሞገድ ለሁሉም ቤት አንድ ነበር። ተመልካቹ አንድ ሰው ቢሆን ወይም አንድ መቶ ሺሕ ሰው ቢሆን የማሠራጫው ሥራ ያው ነው። ሥዕሉ የደበዘዘበት ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞር ነበር። በኋላም ዲሽና ሪሲቨር በመጡ ጊዜ ነገሩ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ የሚዞረው አንቴና መሆኑ ቀርቶ ዲሽ ሆነ እንጂ።

በኢንተርኔት የሚመጣው ቴሌቪዥን ግን በጠባዩ የተለየ ነው። ሥርጭቱ ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው ይላካል። ሥዕሉና ድምፁም በጥቂት ሴኮንዶች ልክ እየተከፋፈለ፥ ታሽጎ እንደሚጓዝ ጭነት ተራ በተራ ይመጣል። የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣውና ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው በሚሠራበት ስልት፥ አንዱ ጭነት ብዙውን ጊዜ የ6 ሴኮንድ ሥዕል ይይዛል። ተቀባዩ መሣሪያ ሦስት ያህል ጭነት በመጋዘኑ ካከማቸ በኋላ የመጀመሪያውን ማሳየት ይጀምራል። አንዱን ሲያሳይ ሌላው ይደርሳል። የሚደርሰው ከሚወጣው ባነሰ ጊዜ መጋዘኑ ባዶ ይሆናል፤ ሥዕሉ ይቆማል፤ ክቢቱም መሽከርከር ትጀምራለች።

ይህን ለነጋዴ ማስረዳት አይከብድም። ተቀርጾ የተቀመጠ ፊልም ቀድሞ ተመርቶ በፋብሪካው ውስጥ እንደ ተከማቸ ዕቃ ነው፤ መንገዱ ቢበላሽ እንኳ ከብልሽቱ በፊት ብዙ ሸቀጥ ወደ መደብሩ አስገብቶ መጠበቅ ይቻላል። የቀጥታ ጨዋታ ግን እንደ ትኩስ ዳቦ ነው፤ ገና ያልተጋገረውን ዳቦ አስቀድሞ ማከማቸት አይቻልም። ገና ያልተመታችውን ኳስ መጋዘን ውስጥ የሚያስቀምጥ ማን ነው? ስለዚህ «ፊልም ሳይ ደኅና ነው፤ ኳስ ሳይ ግን ይቆማል» የሚለው የደንበኛ ቃል ዕቃው መበላሸቱን አያስረዳም። እንዲያውም ፊልሙን ያሳየው ይኸው ዕቃ ስለ ሆነ፥ ቃሉ ጥርጣሬውን ከዕቃው ላይ አንሥቶ ወደ መስመሩ ያዞረዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አለመግባባት አለ። በጎረቤት ያለው ቡና ቤት በዲሽ ሲያሳይ ሕዝቡ ግብ ገባ ብሎ ይጮኻል፤ በኢንተርኔት የሚያየው ሰው ግን ኳሷን ገና በሜዳው መካከል ያያታል። ሦስት ጭነት እስኪጠራቀም 18 ሴኮንድ ያህል ይሄዳል፤ ሥዕሉን ለማዘጋጀትና ለመላክ የሚወስደው ጊዜ ሲጨመር መዘግየቱ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ለቡና ቤቱ ቴሌቪዥን የሚገዛ ነጋዴ ግን ይህን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ምክንያቱም ደንበኞቹ የጎረቤቱን ጩኸት ሰምተው ተነሥተው ቢሄዱ ጉዳቱ የእርሱ ነውና።

መጀመሪያ መጠየቅ፥ ኋላ መንካት

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ደንበኛው የሚደብቀው ወድዶ ሳይሆን ምን መናገር እንደሚገባው ባለማወቁ ነው። ስለዚህ ሻጩ ዕቃውን ከመክፈቱ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንደኛ፥ የሚቆመው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? አንድ ጣቢያ ብቻ ከሆነ ጉድለቱ ከጣቢያው ወይም ከአፑ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም። ሁለተኛ፥ በዚያው ሰዓት በዚያው ቤት ውስጥ በስልክ ሲታይስ? ስልኩም የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፤ ስልኩ ደኅና ሆኖ ቴሌቪዥኑ ብቻ ከቆመ ምርመራው ወደ ቴሌቪዥኑ አካባቢ ይጠብባል። ሦስተኛ፥ የሚቆመው በማናቸውም ሰዓት ነው ወይስ ማታ ብቻ? ማለዳ ደኅና ሆኖ ማታ የሚቆም ከሆነ መስመሩን ወይም የስልክ ማማውን ብዙ ሰው ተሻምቶታል ማለት ነው፤ ትልልቆቹ ጨዋታዎች ደግሞ የሚደረጉት በዚያው ሰዓት ነው።

ከእነዚህ በኋላ የመጨረሻው ፍርድ ሰጪ ፈተና ማለዋወጥ ነው። ያንኑ ዕቃ በሌላ መስመር፥ ያንኑ መስመር በሌላ ዕቃ መሞከር ማለት ነው። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ ቴሌቪዥኑን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ለጥቂት ደቂቃ ቢያገናኝና ሥዕሉ ቢስተካከል፥ የቤቱ መስመር ወይም ራውተሩ ተከሷል። በሱቁ መስመር ላይ ተሰክቶ ግማሽ ሰዓት ያለ እንከን የሠራ ቲቪ ቦክስም ደኅንነቱ በባለቤቱ ፊት ተመስክሮለታል። በዚህ ጊዜ ሻጩ «አይመለስም» ማለት አያስፈልገውም፤ ደንበኛው በዐይኑ አይቶ ራሱ ይፈርዳልና።

ስለ ፍጥነትና ስለ መጠን

ከመስመር ጋር የተያያዘው ክርክር ሁሉ ያለ ልኬት ባዶ ነው። በስልክ የሚሠራ የፍጥነት መለኪያ አፕ በነጻ ይገኛል። ልኬቱ ሁለት ጊዜ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ከራውተሩ አጠገብ፥ አንድ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ። ከራውተሩ አጠገብ በቂ ሆኖ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ከወደቀ የጠፋው በቤቱ ውስጥ ነው። በሁለቱም ስፍራ ዝቅተኛ ከሆነ ጉዳዩ የቴሌኮሙ ነው፤ ወይም የተገዛው ጥቅል ራሱ ያነሰ ነው።

በቂ የሚባለው ስንት ነው? ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ የሚመክረው ለ720 መስመር ሥዕል 3 ሜጋ ቢት በሴኮንድ፥ ለ1080 መስመር 5፥ ለ4ኬ ሥዕል 15 ነው። ለቀጥታ ሥርጭት ደግሞ መጋዘኑ ትንሽ ስለ ሆነ ከዚህ ላይ ማትረፍ ያስፈልጋል፤ ልክ 5 የሚያስገባ መስመር ይዞ 5 የሚጠይቅ ሥዕል መመልከት ትርፍ በሌለው ዋጋ እንደ መነገድ ነው፤ ጥቂት ነገር ሲጎድል ወዲያው ኪሣራ ይመጣል። በቤት ውስጥ ልጆች በስልክ ቪዲዮ የሚያዩ፥ ኮምፒዩተርም ራሱን በማዘመን ላይ ያለ እንደ ሆነ ከዚያው ቋት ይጠጣሉ።

እዚህ ላይ በሱቅም በቤትም የሚደረግ አንድ ስሕተት አለ። ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይት አንድ አይደሉም፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። «10 ሜጋ» የተባለ መስመር በሴኮንድ የሚያስገባው 1.25 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። ሻጩ ይህን ካላወቀ ደንበኛው ተታለልሁ ብሎ ሲከስ የሚመልሰው አያገኝም።

የጥቅሉ መጠንም ሊታሰብ ይገባል። በሴኮንድ 5 ሜጋ ቢት የሚጠይቅ ሥዕል በ90 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ 3.4 ጊጋ ባይት ያህል ይበላል፤ በ3 ሜጋ ቢት የሚታየው ደግሞ 2 ጊጋ ባይት። በሲም ካርድ በሚሠራ ራውተር የሚያይ ሰው ጥቅሉ በሁለተኛው አጋማሽ ላይ ቢያልቅ ጥፋቱ የቲቪ ቦክሱ አይደለም። እንዲህ ላለው ደንበኛ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ በአፑ ማስተካከያ ውስጥ የሥዕሉን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርግ። በመካከለኛ ሳሎን ውስጥ ከ4ኬ ወደ 1080 መውረድ ለዐይን እምብዛም አይታወቅም፤ ለመስመሩ ግን ሸክሙን ወደ ሦስተኛው እጅ ያወርድለታል።

በቤቱ ውስጥ ያለው መንገድ

በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት ሙሉ ሲሆን ብዙዎች ኢንተርኔቱ ሙሉ ነው ብለው ያምናሉ። ምልክቱ የሚናገረው ግን ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ስላለው ጥቂት ሜትር መንገድ ብቻ ነው። ከቤት ውጭ ያለው መስመር ፈጽሞ ቢቋረጥ እንኳ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ዋይፋይ የሚሠራባቸው ሁለት የታወቁ ሞገዶች አሉ። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳም ይሻገራል፤ ነገር ግን ሳይነካኩ ሊሠሩ የሚችሉት ሦስት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1ኛው፥ 6ኛውና 11ኛው ናቸው። በኮንዶሚኒየም ሕንጻ ውስጥ በየፎቁ ያለው ራውተር ሁሉ በእነዚህ ሦስት መስመሮች ላይ ይጋፋል። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው ሞገድ አካባቢ ስለሚሠራ ምሳ ሲሞቅ ሥዕሉ ቢቆም አያስደንቅም። የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ግን የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ስለዚህ ራውተሩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ክፍል ከሆኑ 5ቱ ይመረጣል፤ በሁለት ግድግዳ ከተለያዩ ግን 2.4ቱ ሊሻል ይችላል።

ቆርቆሮ፥ ትልቅ መስታወትና የውኃ በርሜል የሞገዱን መንገድ ይዘጋሉ ወይም ያዳክማሉ። ራውተሩን ለጌጥ ሲሉ በቡፌ ውስጥ መቆለፍ፥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መሸሸግ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ከፍ ባለና በተገለጠ ስፍራ ማኖር ያለ አንዳች ወጪ ብዙውን ችግር ያስወግዳል። በሲም ካርድ የሚሠራውን ደግሞ ወደ መስኮት ማስጠጋት ይገባል።

ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት ግን እጅግ ርካሹ ነው፤ ይኸውም የኔትወርክ ገመድ ነው። ካት 5ኢ የሚባለው የተለመደ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሴኮንድ አንድ ሺሕ ሜጋ ቢት ያሳልፋል። የቴሌቪዥኑ መሰኪያ ከ100 ሜጋ ቢት የማይበልጥ ቢሆን እንኳ ለ4ኬ ሥዕል ከሚያስፈልገው ከስድስት እጅ በላይ ነው። ለደንበኛው ውድ ራውተር ከመሸጥ በፊት አሥር ሜትር ገመድ እንዲሞክር የሚመክር ሻጭ ለዕለቱ ጥቂት ትርፍ ያጎድል ይሆናል፤ ደንበኛው ግን ሌላ ዕቃ በፈለገ ቀን የሚመለሰው ወደ ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

መብራትና ሰዓት

በአገራችን መብራት ሄዶ መምጣቱ ለእነዚህ ዕቃዎች ሁለት ዓይነት ፈተና ያመጣል። የመጀመሪያው መብራቱ በተመለሰ ጊዜ ነው። ቴሌቪዥኑ በፍጥነት ይነሣል፤ ራውተሩ ግን መስመሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ተመልካቹ በዚህ መካከል «ኢንተርኔት የለም» የሚለውን ጽሕፈት አይቶ ዕቃው በመብራቱ ተቃጠለ ብሎ ይደመድማል። ትክክለኛው ሥርዐት ሁለቱንም ከሶኬት መንቀል፥ አንድ ደቂቃ መቆየት፥ መጀመሪያ ራውተሩን ማብራት፥ መብራቶቹ እስኪረጉ መጠበቅ፥ ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑን መክፈት ነው።

ፋይበር በገባላቸው ቤቶች መስመሩ በቤቱ መብራት መጥፋት አይቋረጥም፤ የሚጠፋው ግድግዳው ላይ ያለው መቀበያና ራውተሩ ነው። እነዚህ ብዙዎቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ጥቂት ኀይል ብቻ የሚጠጡ ዕቃዎች ናቸው። ለራውተር የሚሆነው ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ከስታቢላይዘር ጎን በየመደርደሪያው ሊገኝ የሚገባው ሸቀጥ ነው፤ አስመጪዎችም ሊያስቡበት ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና የሰዓት ነው፤ ብዙ ደኅና ዕቃ ተበላሸ ተብሎ የሚመለሰውም በዚህ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ቲቪ ቦክሶች ሰዓታቸውን የሚጠብቅ ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ሲቋረጥ ቀናቸው ወደ ኋላ ብዙ ዓመታት ይመለሳል። የኢንተርኔት ጣቢያዎች ደግሞ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰነድ የሚጸናው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ የመሣሪያው ቀን ከዚያ ጊዜ ውጭ ከሆነ ግንኙነቱ ይከለከላል። በዚህ ላይ ደንበኛው ቀኑን በእጁ ሲሞላ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢጽፈው፥ መሣሪያው ራሱን ከዓለም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያገኘዋል፤ ሰነዱም «ገና አልጸናም» ተብሎ ይጣላል። ሰዓቱንም በአገር ልማድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብሎ ቢሞላው ስድስት ሰዓት ይስታል። መድኃኒቱ ቀኑንና ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲወስድ ማድረግ፥ የሰዓት ክልሉንም የአዲስ አበባ ማድረግ ነው። ይህ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በዚህ ምክንያት ዕቃ መለወጥ ግን በጣም የሚያሳዝን ኪሣራ ነው።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በሚሰካው ትንሽ መሣሪያ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ብዙ ሰው የራሱን ቻርጀር ትቶ ኀይሉን ከቴሌቪዥኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይወስዳል። የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፤ መሣሪያው ግን አንድ አምፔር ያህል ሊፈልግ ይችላል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ሥራ ሲበዛበት ይቆማል ወይም ጠፍቶ ይነሣል። እንዲሁም አየር በማያገኝ ቦታ ታፍኖ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የአስመጪው ድርሻ

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ደኅናውን ዕቃ ከሐሰት ክስ የሚያድን ነው። ነገር ግን በእውነት ጥፋተኛ የሆነ ዕቃም አለ፤ እርሱም ከመነሻው ገበያ መግባት ያልነበረበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ ለሕዝብ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ ባድቦክስ 2.0 የተባለ የወንጀለኞች መረብ ቲቪ ቦክሶችን፥ ፕሮጀክተሮችንና ሌሎችንም ዕቃዎች እንደ መረዘ ገልጿል። አንዳንዶቹ ገና ከመሸጣቸው በፊት መርዙ ተጭኖባቸው ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ወንጀለኞች የቤቱን ኢንተርኔት ለራሳቸው ሥራ መሸጋገሪያ እንዲያደርጉት በር ይከፍታል፤ በሌላ አነጋገር ደንበኛው በገንዘቡ የገዛውን መስመር ሌላ ሰው ይጋራዋል። ቢሮው ከጠቀሳቸው ምልክቶች መካከል የማይታወቅ የፋብሪካ ስም፥ የጉግልን የደኅንነት ጥበቃ አጥፉ የሚል ትእዛዝ፥ እንዲሁም «ሁሉን በነጻ ያሳያል» የሚል ማስታወቂያ ይገኙበታል።

ፈቃድ የሌላቸው ቦክሶች ሌላም ጉድለት አላቸው። ሕጋዊ የፊልምና የስፖርት አገልግሎቶች የመሣሪያውን የደኅንነት ደረጃ መርምረው ነው ጥራት ያለው ሥዕል የሚሰጡት። ዝቅተኛ ደረጃ ላለው መሣሪያ ዝቅተኛ ሥዕል ብቻ ይለቃሉ። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ «4ኬ» ተብሎ በትልቁ የታተመ ቦክስ ከእነዚህ አገልግሎቶች ጋር ሲገናኝ የደበዘዘ ሥዕል ሊያሳይ ይችላል። ገዢው የሚከሰው ቸርቻሪውን ነው፤ ስሕተቱ የተሠራው ግን ትእዛዙ በተላከበት ቀን በአስመጪው ጠረጴዛ ላይ ነው። አስመጪው ናሙና አስመጥቶ በሕጋዊ አገልግሎት ላይ ሳይፈትን በሺሕ የሚቆጠር ዕቃ ማዘዝ የለበትም።

ከዚህም ጋር በዓመት ክፍያ የሚሸጠው ያልተፈቀደ የጣቢያዎች «ኮድ» መነሣት አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የብሮድካስት ድርጅቶችን መብት ደንግጓል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ንግዱ የማያዋጣ ነው፤ የኮዱ ባለቤት ማሽኑን በዘጋ ማግሥት ሻጩ በማያውቀው ሰው ጥፋት በራሱ ደንበኞች ፊት ተጠያቂ ሆኖ ይቀራልና።

ማንም ሊጠግነው የማይችለው

ሁሉም ነገር በቤት ውስጥ ተስተካክሎ ሳለ ሥዕሉ የሚቆምበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ ጊዜ በአውስትራሊያ የኦፕተስ ኩባንያ የኢንተርኔት ሥርጭት ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ስለ ተሰናከለ፥ ጨዋታዎቹ በኤስ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ጭምር እንዲተላለፉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ማይክ ታይሰንና ጄክ ፖል ሲጋጠሙ 60 ሚሊዮን ቤቶች እንደ ተመለከቱት ኔትፍሊክስ አስታውቋል፤ በዚያው ምሽት ግን ብዙ ተመልካች ሥዕሉ እየቆመ አስቸግሮታል። ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው የሚላክ ሥርጭት ሕዝብ ሲበዛበት ላኪውን ራሱን ያደክመዋል።

ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር በመሆኗ የውጭ ግንኙነቷ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር፥ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ደግሞ በአፍሪካ ደቡባዊ ምሥራቅ ጠረፍ የባሕር ኬብሎች በተበጠሱ ጊዜ የአካባቢው አገሮች ኢንተርኔት ተጎድቷል። እንዲህ ባለ ቀን ራውተር መለወጥም ቴሌቪዥን መለወጥም ከንቱ ነው። ሻጩ ይህን በእርጋታ አስረድቶ ደንበኛውን «ነገ ይሞክሩት» ብሎ ቢያሰናብተው እውነቱን ተናገረ እንጂ አላታለለም።

ምን ይደረግ?

አንዳንድ ነጋዴዎች «የእኛ ሥራ መሸጥ እንጂ ጥገና አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ግማሽ ሰዓት ከሰጠን መቼ እንነግዳለን?» ይሉ ይሆናል። ክርክሩ መልክ አለው፤ ሒሳቡ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ምርመራ አንድ ዕቃ ከመለወጥ፥ የተመለሰውንም በግማሽ ዋጋ ከመሸጥ ይረክሳል። በዚያ ላይ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። መግለጫ መስጠት ቸርነት ሳይሆን የንግዱ አካል ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቢደረግ ይበጃል። ቸርቻሪው ከመሸጡ በፊት ገዢውን ስለ መስመሩ ይጠይቅ፤ ፍጥነቱ ስንት ነው? ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ምን ያህል ይርቃል? በፋይበር ነው ወይስ በሲም ካርድ? መስመሩ የማይበቃ እንደ ሆነ በዚያው ሰዓት ይንገረው፤ ከሽያጭ በፊት የተነገረ እውነት ምክር ይባላል፤ ከሽያጭ በኋላ የተነገረው ግን ሰበብ ይመስላል። ሁለተኛም ከላይ የተዘረዘሩት የምርመራ ደረጃዎች በአንድ ገጽ፥ በአማርኛና እንደ አካባቢው በሌላም ቋንቋ ታትመው ከዕቃው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይግቡ፤ ይህንም ማድረግ የሚገባው አስመጪው ነው። ሦስተኛም በሱቁ ውስጥ አንድ የታወቀ መስመርና አንድ ቴሌቪዥን ለፈተና ብቻ ይቀመጥ።

ላኪዎችም ይህ ነገር አይመለከተንም ሊሉ አይገባም። ከውጭ ገዢ ጋር በቪዲዮ የሚደረግ ስብሰባ የሚቆራረጠው በእነዚሁ ምክንያቶች ነው፤ ልዩነቱ ስብሰባ ሥዕል መቀበል ብቻ ሳይሆን መላክም ስለሚፈልግ፥ በፍጥነት መለኪያው ላይ የመላኪያው ቁጥርም ሊታይ ይገባል።

ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ክፉ ስም ሲወጣለት የሚጎዳው አንድ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ ያንን ዕቃ ያስመጣው፥ ያከፋፈለውና የቸረቸረው ሁሉ ነው። ክፉ ዕቃ ደኅና ተብሎ ሲሸጥም እንዲሁ። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅና ለደንበኛው በግልጽ የሚናገር ነጋዴ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሕፈት በደረሰኙ ላይ ማተም አያስፈልገውም፤ በከንቱ የሚመለስ ዕቃ ያንስለታልና።